የአምሳሉ ድምፅ

«ጣትዎን ቀለሙ ላይ ያድርጉና እዚህ ይጫኑልኝ፣ እትዬ ጠጅቱ» አለ ፍሰሐ መዝገቡን ወደ እሷ እያዞረ።

«የምን ጣት? ብዕሩን ወዲህ በል!» አለች ጠጅቱ። «ሁለት ክረምት ሙሉ እዚሁ አዳራሽ ፊደል የቆጠርኩት ለጣት ነው እንዴ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ሰልፉ ከቀበሌው አዳራሽ በር ተነሥቶ፣ ጭቃውን እየሸሸ፣ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ዕለቱ እሑድ፣ ሰኔ ሰባት ቀን ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። በየምርጫ ክልሉ ለብሔራዊ ሸንጎ ዕጩዎች ቀርበው አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ተሰልፏል። በልደታው ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሦስት ዕጩዎች ፎቶግራፍ ተለጥፎ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ከየፎቶግራፉ ሥር ዝሆን፣ ቀጭኔና ጎሽ ተሥሎበታል። ድምፅ ማጉያው ገና ጎሕ ሳይቀድ የጀመረውን መዝሙር አላቋረጠም።

ጠጅቱ ጎንበስ ብላ ስሟን በየፊደሉ እየተነፈሰች ጻፈች። መዝገቡ የተዘጋጀው በቤት ቁጥር ስለሆነ ከእሷ በላይ የባሏ የበድሉ ስም ነበር። ከእሷ በታች ደግሞ «አምሳሉ በድሉ፣ ዕድሜ 27» ይላል። ይህ ስም እዚያ መኖሩ አላስደነቃትም፤ ያስመዘገበችው ራሷ ናት። ያስደነቃት ከስሙ ፊት ያለው ነው። ከስሙ ፊት ፊርማ አለ። ከፊርማው ቀጥሎ ደግሞ በቀይ ቀለም «መርጧል» ተብሎ ተጽፏል።

ብዕሩ ከእጇ ወደቀ።

«ፍሰሐ፣ ልጄ… ይሄ ምንድን ነው?»

ፍሰሐ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ለምርጫው ያዋሰው ወጣት መምህር ነው። ከሰባተኛ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ከአምሳሉ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። መዝገቡን ሳብ አደረገና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እትዬ ጠጅቱ፣ ሰልፉ እየጠበቀ ነው። ወረቀትዎን ይያዙና ወደ መጋረጃው ይግቡ።»

«ሲመጣ አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ?»

«እኔ… ማለዳ እዚህ የነበረው ሌላ ሰው ነው።»

አላየሁም አላለም። ለጠጅቱ ይሄው በቂዋ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የትኛው አውሬ ላይ ምልክት እንዳደረገች ሳታውቅ ወረቀቱን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

አምሳሉን የወሰዱት በታኅሣሥ ሰባ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በምሳ ሰዓት መጥተው፣ «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው፣ ከገበታ አስነሥተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ስንቅ አመላልሳለታለች። ዘበኞቹ ሳህኑን ይቀበሏትና በማግስቱ ባዶውን ይመልሱላት ነበር። አንድ ግንቦት ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ያን ቃል የሰማች ሌላ እናት ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ትወድቃለች፤ ጠጅቱ ግን «ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረውታል» ብላ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ቃል ንቅንቅ ያደረጋት ሰው የለም። በሰባ ስድስቱ ሕዝብ ቆጠራ ቆጣሪው ልጅ «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲላት፣ «አንድ» አለች። «የት ነው ያለው?» ሲላት፣ «ይመጣል» አለች። ልጁም ግራ ቢገባው ስሙን ጻፈው። የመራጮች መዝገብም ሲዘጋጅ እንዲሁ አደረገች። አብነት በሚገኘው የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር የምትሠራው ዩኒፎርም በእጇ ሲገባ፣ የትልልቆቹን ወንዶች ልጆች ሱሪ ከራሷ ጉልበት ጋር እያስተያየች «ይሄኔ ይሄን ያህል ቁመት አለው» ማለት ልማዷ ነበር።

ግቢው በር ላይ ጎረቤቷን ደሚቱን አገኘቻት።

«ደሚቱ! አምሳሉ መጥቷል! መርጦ ሄዷል፣ ፊርማውን በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

ደሚቱ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ የሰማችውን ከማመን ይሁን ለጠጅቱ ከማዘን ብቻ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ደሚቱ! ተይ!»

የጮኸው በድሉ ነው። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ስለሆነ እሑድንም ሳይሠራ አይውልም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰው ባልዲ ቂጥ ይበይድ ነበር። አሁን ግን ባልዲውን ወርውሮ ቆሟል። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው በጎረቤት ላይ ሲጮህ ጠጅቱ ሰምታው አታውቅም። እልልታው ተቋረጠ።

«ግቢ» አላት ሚስቱን።

«ምን ያስገባኛል! ልብስህን ቀይርና ተነሣ እንጂ። ወይ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ወስደውት ይሆናል፣ ወይ ቤቱ ጠፍቶበት በተክለ ሃይማኖት በኩል…»

«ጠጄ፣ ግቢ።»

ገቡ። በድሉ በሩን ገርበብ አደረገው። እጆቹን በሱሪው ላይ ጠረጋቸው፤ ጥላሸቱ ግን የዕድሜ ልክ ነበርና አልለቀቀም።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የሱን። ማለዳ የኔን ከጣልኩ በኋላ የሱንም ወረቀት ሰጡኝ። ፈርሜ ጣልኩ።»

ጠጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ወዲያው አልገባትም።

«ለምን?»

«ዐርብ ዕለት ጓድ ሂርጳ ቀበሌ አስጠራኝ። "ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ በቤትህ ተመዝግቧል። ውትድርና አልሄደ፣ ስብሰባ አይታይ፤ እሑድ ለምርጫ ካልመጣ የት እንደሸሸግከው ትነግረናለህ" አለኝ። የለም ብል የት ሄደ ይላል። ሞቷል ብል ደግሞ ይጽፈዋል። ቢጽፈው አንቺ ታነቢዋለሽ። ፊደል ቆጥረሻላ።»

ከውጭ ድምፅ ማጉያው አላቋረጠም። ጠጅቱ ከሰማችው ሁሉ አንዷን ቃል ብቻ አነሣች።

«ሞቷል ብል? ማን ነው ሞቷል ያለህ?»

በድሉ እጆቹን እንደገና በሱሪው ላይ ጠረጋቸው።

«በድሉ! ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም» አለ ወለሉን እያየ። «እኔው ነኝ ያየሁት። መጋቢት ዐሥራ ሰባት ቀን። ንጋት ላይ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከተክለ ሃይማኖት አለፍ ብሎ፣ አጥር ሥር አምስት ሆነው ተኝተዋል። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጠመንጃ የያዙት መንገደኛውን እያስቆሙ "እዩ!" ይላሉ። ከዳር ያለው አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። አንቺ የሠራሽለትን።»

ጠጅቱ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች።

«ያለቀሰን ሰው እዚያው ይደርቡት ነበር። "ታውቀዋለህ?" አለኝ አንዱ። "አላውቀውም" አልኩት። አላውቀውም አልኩ፣ ጠጄ። ሥራ ገባሁ። እስከ ማታ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ስመለስ አልነበሩም፤ የት እንዳደረጓቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ያን ቀን፣ መጋቢት ዐሥራ ሰባትን፣ ምን ስታደርግ እንደዋለች ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። እንደማንኛውም ቀን ያለ ቀን ነበር ማለት ነው። ወጥ ሠርታ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ፣ ተራ ጠብቃ ሰጥታ ተመልሳለች ማለት ነው።

«መጋቢት ነው ያልከው?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ እስከ ግንቦት ስንቅ አመላልሻለሁ።»

«አዎ።»

«አንተም አንዳንዴ ተሸክመህልኛል።»

«አዎ።»

«ማን ነበር የሚበላው?»

«እነሱ ናቸዋ።» በድሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ባዶው ሳህን ሲመለስልሽ ፊትሽ ይበራ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ሳህኑን ይዘሽ ስትገቢ "ጨርሶታል!" ትይኛለሽ። ያን ፊት ማጥፋት አቃተኝ። ከዚያ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ ዘጠኝ ሆነ።»

ጠጅቱ አላለቀሰችም። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፣ ባሏን አልፋው ወጣች። ደሚቱ ግቢው መካከል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ እሷንም አላናገረቻትም።

አዳራሹ ስትደርስ ቀትር አልፎ ሰልፉ ሳስቷል። የምርጫ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ሂርጳ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ወረቀት ይቆጥራል።

«ሰርዙልኝ» አለች ጠጅቱ። «የልጄን ስም ሰርዙልኝ። ሞቷል። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

ፍሰሐ አንገቱን ደፋ። ሂርጳ ግራና ቀኙን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ምን ነካዎት? ልጅዎ ድምፅ ሰጥቷል።»

«እኮ የሞተ ሰው ነው ድምፅ የሰጠው።»

«ሪፖርቱ ወደ ከፍተኛ ሄዷል። ቀበሌያችን መቶ በመቶ መርጧል። አሁን ከየት አምጥቼ ነው አንድ ሰው የምቀንሰው?»

«እናንተ ያን ጊዜ ከኔ ቤት ስትቀንሱ ከየት አመጣችሁት?»

የሂርጳ አንገት ደም ሥር ተገተረ፤ ለጥቂት ጊዜ የሚቆጣ መስሎ ነበር። በኋላ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

«ምርጫው ይለቅና በሌላ ቀን ማመልከቻ ይዘው ይምጡ። መቼና በምን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ የሚገልጽ። እናያለን።» ወደ ፍሰሐ ዞረ። «ሸኛቸው።»

ፍሰሐ እስከ አስፋልቱ ተከተላት። የሰኔ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ሊጥልላት ሲል እጁን ያዘችው።

«ፍሰሐ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተም ታውቅ ነበር?»

ኮቱን በሌላ እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው።

«ያን ቀን እኔም በዚያ አልፌያለሁ፣ እትዬ።»

«ደሚቱስ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። "ይመጣል" ሲሉ… አፍ ያለው ማን ነው? ዝም ነው ያልነው።»

ጠጅቱ እጁን ለቀቀችው። እንግዲህ በየሠርጉና በየለቅሶው፣ በውሃ ተራና በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ ስለ አምሳሉ ስታወራ አንገቱን እየነቀነቀ የሰማት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። «ሲመጣ እድረዋለሁ» ስትል «አሜን» ይሏት ነበር። ያ «አሜን» አሁን ከዝናቡ ይልቅ በረዳት። ግን ልትቆጣቸው ብትፈልግም አልቻለችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰፈር ሰው እንደ ዕቃ እየተቀባበለ እሷን ሳይሰብር ይዞ ቆይቷል፤ ዛሬ ነው ያመለጠቻቸው።

ቤቷ ደርሳ ሰሌኑን ከግድግዳው አወረደችና ግቢው መካከል፣ ካፊያው ላይ አነጠፈችው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ተቀመጠች። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ሳል ነበር የወጣው፤ ቀጥሎ ግን የዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ።

«አምሳሉዬ! ሳልቀብርህ! አፈር ሳላለብስህ! ስንቅህን ባዕድ በላው፣ ልጄ!»

ደሚቱ እየሮጠች መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እትዬ ጠጄ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ምርጫ ነው። ቀስ በይ፣ ይሰሙናል።»

«ይስሙ!» አለች ጠጅቱ። «ያን ጊዜ አልቅሼ ቢሆን እኔንም ከአጠገቡ ያስተኙኝ ነበር። ይስሙ!»

ደሚቱ ወደ ግቢው በር አየች። ከዚያ እሷም ነጠላዋን ዘቀዘቀችና ደረቷን መታች። ከየቤቱ ሰው መውጣት ጀመረ። ማንም «ምን ሆናችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ በሰሌኑ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የድምፅ ማጉያው መዝሙር ከለቅሶው በላይ ሊሆን ቢሞክርም ዝናቡ እየጠነከረ ሲሄድ ሽቦው ተበላሽቶ ይሁን ሰው አጥፍቶት ዝም አለ።

በድሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ወደ ወንዶቹም አልሄደ፣ ወደ ውስጥም አልገባ። እንደ ተቀጣ ልጅ እጆቹን አንጠልጥሎ ዝናቡ ይወርድበታል። ዘጠኝ ዓመት ለብቻው ያለቀሰ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚለቀስ ጠፍቶበታል። አንዲት አሮጊት «አባትየው ይምጣ እንጂ» አሉ። ማንም አልተነቃነቀም፤ ሁሉም የጠጅቱን ፊት ያያል።

ጠጅቱ ቀና ብላ አየችው። «አላውቀውም» ያለው ሰው ይህ ነው። ሳህኑን ተሸክሞ ከኋላዋ ይሄድ የነበረውም ይህ ነው። ብትፈልግ ዓይኗን ልትመልስ ትችል ነበር፤ የሚወቅሳት አልነበረም።

ለረጅም ጊዜ እንደዚያው አየችው። ከዚያም አንድም ቃል ሳትናገር፣ በተቀመጠችበት ወደ ሰሌኑ ዳር ፈቀቅ አለችለት።