ለደቦ የመጣው ሰው

ወንድሜ ራምዚ ሲያስረዳ ደስ ይላል፤ ሲሠራ ግን ይቸኩላል። ቡታጅራ ውስጥ ዌብሳይት የሚሠራበትን ቢሮ የከፈተው ከእኔ የሻርፕና የሂጃብ ሱቅ በላይ ስለነበር፣ ደንበኛ ባጣ ቁጥር ወርዶ እኔን ያስተምረኝ ነበር። ሰርቨር ማለት ሌላ አገር ያለ፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ የኪራይ ኮምፒዩተር ነው። በላዩ የሚጭናቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ኦፕን ሶርስ ይባላሉ። ብዙ ሰው ተባብሮ ሠርቶ በነፃ የለቀቃቸው ናቸው፤ ለንግድ ቢሠራባቸውም ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"የፈረንጅ ደቦ በይው" አለኝ።

"ለደቦ የመጣን ሰው እኮ እኛ ከነአባቱ ስም እናውቀዋለን" አልኩት።

ሳቀብኝ። እኔ በሰው መሳቅ እንጂ ሰው ሲስቅብኝ አልወድም፤ ሻርፖቼን ማጠፍ ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ያገኘው ደህና ሥራ የከተማችን አንድ የግል ላብራቶሪ ነው። ከቡኢ ወይም ከገጠር መጥቶ ለምርመራ ደም የሰጠ ሰው ለውጤቱ ሁለተኛ ጊዜ መኪና እንዳይሳፈር፣ በስልኩ ከፍቶ እንዲያየው የሚያደርግ ዌብሳይት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንም ክፉ አይለውም። ራምዚ ግን ከነዚያ ነፃ ፕሮግራሞች መካከል ለመለማመጃ የተዘጋጀውን ጥቅል አውርዶ፣ እንዳለ ጫነው። ጥቅሉ ራሱ ገና ሲከፈት፣ ይህ ለልምምድ ነው፤ ለሕዝብ ከመክፈትህ በፊት በደንብ ቆልፈው ብሎ ያስጠነቅቃል። የሠሩት ሰዎች የድርሻቸውን ተናግረዋል እንግዲህ። ወንድሜ በኋላ እቆልፈዋለሁ ብሎ አለፈው።

ሥራውን ሊያስረክብ ሲል ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ራምዚ ፕሮግራመሮች በሚጠያየቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጭንቀቱን ጻፈ። የያዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አንድ ሰው በግል መለሰለት። ስሙ አምሀ እንደሆነ፣ ወልቂጤ እንደሚኖር፣ እንዲህ ያለ ችግር ብዙ ጊዜ እንደፈታ ነገረው። ራምዚ አመስግኖ የሰርቨሩን ዋና ፓስወርድ ላከለት። አዎ፣ እንዲሁ በጽሑፍ ላከለት። ሰውየው ገባ፤ አስተካከለ፤ ወጣ። ወጣ ነው ያልነው እኛ።

ከዚያ በኋላ አምሀ የቤት ሰው ሆነ። ዌብሳይቱ ባነከሰ ቁጥር ሳይጠሩት ይደርሳል፤ ክፍያ ሲሉት ይቆጣል፤ በበዓል እንኳን አደረሳችሁ ይላል። ድምፁን ግን አንድም ቀን አልሰማንም። ራምዚ ሲደውልለት አያነሳም፤ ቆይቶ ኔትወርክ አስቸገረኝ ብሎ ይጽፋል። እጮኛዬ ኢስሀቅ ወልቂጤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስለሚነግድ፣ እስቲ ይህን ደግ ሰው ፈልገህ ሰላም በልልን አልኩት። ኢስሀቅ ኮምፒዩተር ጠጋኞቹንም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹንም ጠየቀ። የሚያውቀው አልተገኘም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ብዬ ለራምዚ ብነግረው፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በምን ይታወቃል ብሎ ዘጋኝ።

ቆይቶ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ ያሉ ክሊኒኮች ተባብረው እንደ ላብራቶሪው ያለ ዌብሳይት እንዲሠራላቸው ጠየቁት። ራምዚ የነቃው ይሄኔ ነው። የዚህ ሁሉ ሰው ገመና እጁ ሊገባ መሆኑ ሲገባው እንቅልፍ አጣ። አዲስ ሰርቨር ሊከራይ፣ እነዚያኑ ነፃ ፕሮግራሞች በሥርዓታቸው ሊጭን፣ የላብራቶሪውንም ፓስወርድ ሁሉ ሊቀይር ወሰነ። እንደ ቤተኛ ቆጥሮትም ለአምሀ ይህንኑ ጻፈለት።

አምሀ "አትቀይር" ብሎ መለሰ።

በዚያው ሰሞን እኔ ከኒካህ በፊት የሚደረገውን ምርመራ እዚያው ላብራቶሪ፣ ኢስሀቅን ተጠሪዬ ብዬ አስመዝግቤ፣ አድርጌ ነበር። ውጤትሽ ደርሷል የሚል መልእክት ጠዋት ቢመጣልኝም፣ ደንበኛ በዝቶብኝ ሳልከፍተው ቆየሁ። ራምዚ ከፎቅ ወረደ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች መርጠው፣ ተከራክረው፣ ከፍለው እስኪወጡ ጥግ ይዞ ቆመ። ወንድሜ መጠበቅ የማያውቅ ሰው ነው፤ ፈራሁ። ሲወጡ ስልኩን ሰጠኝ። አምሀ ጽፏል፦

"እህትህ ሰፍያ እንዴት ናት? የጉበቷን ነገር ኢስሀቅ ያውቃል? የክሊኒኮቹን ሥራ አሁን ባለው ሰርቨር ላይ አድርገው። ምንም አትንካ። እኔም ዝም እላለሁ።"

የራሴን ስልክ ከፈትኩ። ሄፓታይተስ ቢ ይላል፤ አገሩ የወፍ በሽታ ብሎ የሚሸሸው። የታመምኩም፣ የደከመኝም አይመስለኝም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከበሽታው ይልቅ ሰውየውን ፈራሁት። ገላዬ ውስጥ ያለውን ከእኔ በፊት ያወቀ፣ እኔ ግን መልኩን የማላውቀው ሰው አለ። ከሱቄ በር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ባጃጅ ነጂውንም፣ ካርድ ሻጩንም፣ ሰላም የሚለኝንም የማይለኝንም፣ ይሄ ይሆን እያልኩ አየው ጀመር። ወልቂጤ ይሁን፣ ባሕር ማዶ ይሁን፣ ከሱቄ አጠገብ ይሁን ማን ያውቃል?

ራምዚ መሬት መሬት እያየ፣ ስለ እኔ ሲል እሺ ሊለው እንደሚችል ነገረኝ። ኒካሁ እስኪያልፍ ብቻ፤ ከዚያ መላ ይፈለጋል።

"የእኔን ገመና በሌላ ሰው ገመና አትሸፍንልኝም" አልኩት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን አነጋገርኩ። ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ወልቂጤ ወረድኩ። ኢስሀቅን ሱቁ ውስጥ አገኘሁትና ሁሉንም፣ በሽታውንም፣ ሰውየውንም፣ ነርሷ ያለችኝንም ነገርኩት። አንድ የስልክ ቻርጀር አንስቶ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀልላል።

"ክትባት አለው ብላለች?" አለ በመጨረሻ።

"አለው።"

"እንግዲያው እከተባለሁ። ለእናቴ ግን እኔ ራሴ ልንገራት፤ አንቺ እንዳትሞክሪው።"

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለቅሶ ደርሼ የምመለስ መስሏቸው፣ አላህ ያጽናሽ አሉኝ። አሚን አልኩ።

ራምዚ ማታውኑ የላብራቶሪውን ሰርቨር ዘጋው። ለአምሀም ሰፍያ ራሷ ተናግራለች፣ ከእንግዲህ የምታስፈራራበት ነገር የለህም ብሎ ጻፈለት። አምሀ "እሺ" አለ። ወዲያው ከቴሌግራም ጠፋ፤ ስሙም፣ የድሮ መልእክቶቹም የሉም።

እኔ እፎይ ልል ስል የራምዚ ፊት አልፈታ አለ። ምን ቀረህ ስለው፣ ሰርቨሩ ቢዘጋም ሰውየው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ቀድሞ ቀድቶ መውሰዱን ከሰርቨሩ መዝገብ ማየቱን ነገረኝ። የተመርማሪውን ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ ውጤት፣ ተጠሪ ብሎ ያስመዘገበውን ሰው ቁጥር ሳይቀር። ሄዶ ለላብራቶሪው ባለቤት ሲነግራቸው፣ ማን አየው፣ ሕዝቡን ለምን ታሸብራለህ፣ ስሜንስ ለምን ታጠፋለህ ብለው አባረሩት። ተናደድኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሰው የራሱን ነገር ከጠላት ከሚሰማ ከእኛ ይስማ አልኩት። አርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ራሳችን ለሁሉም እየደወልን ልናስጠነቅቅ ተስማማን።

አርብ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ከሱቄ ፊት የቆመ ባጃጅ ነጂ ስልኩን አይቶ ተሳፋሪው ሂድ እንጂ እያለው አልሰማ አለ። ትንሽ ራቅ ብላ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አየችና፣ ሚዛኗን ትታ ተነሣች። ከግራም ከቀኝም የመልእክት ድምፅ ይሰማል። የቴሌ ማስታወቂያ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ከላይ ራምዚ ወንበሩን ገፍቶ ሲነሣ ሰማሁት።

ከሱቄ ማዶ ልብስ የምትሰፋው፣ መሰለች የምትባለው ጎረቤቴ፣ መንገዱን ተሻግራ መጣች። የመምህር አስረስ ሚስት ናት፤ ክፉ ወሬ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የኒካሄ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

"ሙሽሪት፣ መነጽሬን ቤት ትቼው መጥቻለሁ" አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ይህን እስቲ አንብቢልኝ።"

ተቀበልኳት። ስሟ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተጽፏል። የተመረመረችበት ቀን አለ። ውጤቱ አለ፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ከታች ደግሞ፣ ይህ መልእክት ለተጠሪዎ ለአቶ አስረስም ተልኳል ይላል።

"ምን ይላል?" አለችኝ ፈገግ እንዳለች።

ቀና ስል አስረስን አየሁት። በማስተማሪያ ሰዓቱ፣ ጠመኔ የነካውን ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ በሰዉ መካከል ወደ እኛ ይመጣል። ከገበያተኛው ጋር እየተጋጨ ይቅርታ እንኳ አይልም።

መሰለችን እጇን ያዝኳት። ከእሱ በፊት ከእኔ ትስማው ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት።