ጫማህን ጠርገህ ና

እና ደግሞ ወንበሩ፣ እንዲህ ያለ ወንበር የሚሠራ ሰው የራሱን መቀመጫ አያውቀውም፣ ሰማንያ አንድ ዓመት የተሸከመኝን ዳሌ በዚህ ፕላስቲክ ላይ፣ ቀና በይ ኢርሊን፣ ልጆቹ እያዩሽ ነው፣ ሠላሳ እጩ ፖሊሶች፣ ጢማቸው ገና ያልጠና፣ ፊት ለፊት የቆመችው የኔዋ ቨርኔል ናት፣ የከተማችን የመጀመሪያዋ ጥቁር የፖሊስ አዛዥ፣ ዛሬ የፖሊስ ኮሌጁ መምህርት፣ ከኋላ ደግሞ እኔ፣ አራተኛ ክፍልን ለጥጥ ለቀማ ጥዬ የወጣሁት እናቷ።

እማዬ፣ ዛሬ ስላንቺ ነው የማስተምረው፣ አለችኝ መኪና ውስጥ፣ ስለኔ ደሞ ምን አለ፣ ስለ እጅሽ፣ ዝም አልኩ፣ ዝም ስል እሺ ያልኩ ይመስላታል፣ አባቷም እንዲሁ ነበር።

እጇን ታነሳለች። መዳፏ ወደ ሰዉ፣ ጣቶቿ ገጥመው፣ ግራ እጇ ከጀርባዋ። የኔ ነው። አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያናችንን በር ይዤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ ሥርዓት ያስከበርኩበት እጅ፣ መዳፍ ከተነሳ ፓስተሩም ቢሆን ጸሎት እስኪያልቅ ደጅ ይቆማል፣ አንድ ጣት ከተነሳ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ግባ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ ትላለች ቨርኔል በመጽሐፍ ቋንቋዋ፣ ፖሊሶች በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አንድ ወጣት ይደበድቡ ነበር፣ ሦስት መቶ ምእመን ሊወጣ ተነሣ፣ ፖሊሶቹ መሣሪያቸውን መዘዙ፣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ እጇን አነሳች፣ ሁሉም ባለበት ቆመ፣ ዱላ የለ፣ ሽጉጥ የለ፣ ሥልጣን ማለት ይህ ነው። ልጆቹ ይጽፋሉ። ጻፉ እንጂ፣ ምን አለባችሁ። አንድ ወጣት። ስም የለውም? ክሎቪስ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ የገዛ ወንድምሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ፣ እኔ በያዝኩት በር የኔው ልጅ ጭቃ ይዞ ሊገባ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ጫማህን ጠርገህ ና አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሲጠርግ ነው ያገኙት፣ ሌባ ፍለጋ የወጡት ፖሊሶች፣ እሱ ነው ብለው።

እኔ አይደለሁም ያነሳሁት፣ እጄ ነው፣ ልማድ። ፊቴን ወደ ሰዉ፣ ጀርባዬን ለልጄ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲያ እህት ኢርሊን፣ ስንቱን አተረፍሽ እያሉ የኮክ ኬክ ያመጡልኛል፣ አርባ አንድ ዓመት በላሁት፣ ኬኩንም ሙገሳውንም። ቨርኔል ዩኒፎርም የለበሰች ጊዜ ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም፣ ወንድምሽን የገደለውን ልብስ ብዬ፣ አሁን ሳስበው የተቆጣሁት በማን ነበር።

አንዱ ጸጉረ ቀይ እጁን ያወጣል። አለቃ፣ ደብዳቢዎቹንስ ማን አስቆማቸው?

ቨርኔል ወደኔ ታያለች፣ ጉልበቴ ሳያማክረኝ ይነሳል።

ማንም፣ እላለሁ። ማንም አላስቆማቸውም፣ የኔ ልጅ። እኔ የማውቀው የራሴን ሰዎች ማስቆም ነበር፣ እነሱ ይሰሙኛላ። የሞተው ልጄ ነው። ጫማህ ጭቃ ነው ብዬ ደጅ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። ከደብዳቢዎቹ ጋር አንድ ፖሊስ ነበር፣ ፊቴን ወደ ሰዉ ከማዞሬ በፊት አይቼዋለሁ፣ አልመታም፣ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። እናንተ ብዙዎቻችሁ እሱን ነው የምትሆኑት። ይቺን እጅ ተማሩ ካሏችሁ ወደ ሕዝቡ አታንሷት፣ ወደ ባልደረባችሁ አንሷት።

እስክሪብቶው ሁሉ ቆሟል። የቨርኔል እጅ አሁንም አየር ላይ ነው፣ ቀስ ብላ ታወርደዋለች፣ የመጽሐፉ ቋንቋ ከአፏ ጠፍቷል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትመስለኛለች፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው።

እማዬ፣ ጠርጎ ጨርሶ ነበር። አይቼዋለሁ። ሊገባ ቀና ሲል ነው የያዙት።

ጨርሶ ነበር። ጠርጎ፣ እንዳልኩት፣ ታዞልኝ፣ ወደኔ ሊመጣ፣ ጣቴ ናት፣ አንዷ፣ ብቻዋን ትነሳለች፣ ከፊት አንድ ቦታ አለ፣ ክሎቪስ፣ ግባ፣