ጄትሮ ክላይቭን ያስወጣበት ፍጻሜ

ዋንጫውን በላነው! ከጩኸት ብዛት ድምፄ ጠፍቷል፣ ግን ካላወራሁት እፈነዳለሁ። ወንድሜ ጄትሮ፣ የኔው ወንድም፣ ለሃርንሻየር የአንድ ቀኑን የክሪኬት ዋንጫ አመጣ! በአንድ ውርወራ!

ተጋጣሚዎቻችን ኦክሻየሮች ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ቀርቷቸዋል፣ የሚወረወርላቸው ሁለት ኳስ ብቻ ነው። ሌሎቹ መቺዎቻቸው ወጥተው አልቀዋል፣ አንድ ሰው ከወጣ አለቀላቸው። የሚመታው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ክላይቭ ቶርስቢ! አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዛሬ የመጨረሻ ጨዋታው ነው፣ በዕድሜው አንድ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ድሮ የኛው ተጫዋች ነበር፤ አርጅተሃል ብለው ሲያባርሩት ነው ኦክሻየር የገባው። ቤቱ ግን አሁንም ከኛ ፊት ለፊት ነው። ጄትሮን ኳስ መያዝ ያስተማረው ራሱ እሱ ነው፣ ጓሯችን ውስጥ፣ በነፃ።

ሚስቱ ሞሪን ደግሞ ከጎኔ ተቀምጣለች። የእንቁላል ሳንድዊች ሰጥታኝ እየበላሁ ነው።

"ዛሬ እንኳን ይቅናው፣ የኔ ልጅ" አለችኝ።

"አይቀናውም!" አልኳት አፌን ሞልቼ። ሳቀች። ቀልድ መስሏት!

ከኋላችን ያሉት የኛ ደጋፊዎች ደግሞ ፌዙን ይለቁበታል። "አያቴ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ!" "መምቻ ነው ምርኩዝ የያዙት?" በሳቅ ሞትኩ።

ክላይቭ አንድ አመል አለው። ኳስ ካለፈችው ወዲያው መቺ ከሚቆምበት ነጭ መስመር ወጥቶ መሬቱን በመምቻው መታ መታ ያደርጋል። ዳኛው ጨዋታው ቆሟል እስኪል አይጠብቅም። መስመሩን ለቆ እያለ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ የመታ ደግሞ ከጨዋታ ያስወጣዋል፣ ደንብ ነው! ብቻ ነውር ነው ብለው ማንም አያደርገውም። ያንን አመል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ያደገው ማነው? ጄትሮ! ከእንጨቶቹ ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚይዘውስ? ጄትሮ!

ኳሷ መጣች። ክላይቭ ሳታት። ጄትሮ ጓንት ውስጥ ገባች። ክላይቭ ዞር እንኳን ሳይል ከመስመሩ ወጣ፣ መሬቱን መታ... ጄትሮ ወረወረ። እንጨቶቹ ብትንትን!

"ወጥቷል!" ብሎ ጮኸ ጄትሮ።

ዳኛው አምበላችንን ዱንካንን ጠራው፣ ማይኩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። "አቤቱታችሁን ትተዋለህ? ከተውከው ተመልሶ ይመታል።"

ዱንካን ክላይቭን አየው። ክላይቭ ደግሞ ፈገግ ብሎ ቆሟል፣ ይመልሱኛል ብሎ! ዱንካን ሊተወው ነው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ወይኔ ዋንጫዬ! ወንበር ላይ ወጣሁ።

"እንዳትተወው!"

ሞሪን ቀሚሴን ያዘችኝ። "ተይ እባክሽ፣ ተይ የኔ ልጅ፣ ሌላ ዕድል የለውም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ!" ብዬ ቀሚሴን መነጨቅኩ። "እንዳትተወው! እንዳትተወው!" ከኋላ ያሉት ተቀበሉኝ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው! እኔ ነኝ እኮ የጀመርኩት!

"አልተወውም" አለ ዱንካን።

ዳኛው ወጥቷል ሲል ጣቱን ቀሰረ። ከሞሪን ፊት ለፊት ቆሜ ጮህኩ፣ እንቁላሉ ሁሉ ከአፌ እየበረረ። አጥሩን ዘልዬ ሜዳ ገባሁ፣ ጄትሮ አንከብክቦ አሽከረከረኝ፣ ዋንጫውን አስያዘኝ። ይከብዳል!

ለሚሰናበት ተጫዋች እኮ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያጨበጭቡለታል፣ ተጋጣሚዎቹም ጭምር። ክላይቭ እዚያው መስመሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ማን ይሰለፍ፣ ሁሉም ጄትሮ ላይ ተከምሯል። ቀስ ብሎ መጣ።

"ጄትሮ ልጄ፣ ከእንጨቶቹ አንዷን ለማስታወሻ ልውሰድ?"

ጄትሮ ሦስቱንም ብብቱ ስር ሸጎጣቸው። "ሱቅ ይሸጣል፣ አያቴ። የጡረታ ቅናሽ አላቸው።"

ሳቁ! ዱንካን ራሱ መሬት ላይ ተንከባለለ። ክላይቭም አብሮን ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገና ደረጃውን ብቻውን ወጣ። ሞሪን ከላይ ሆና ታየኛለች፣ አጨብጭቢለት የምትለኝ ይመስል ሁለት እጇን ገጠም ገጠም አድርጋ አሳየችኝ።

በምኔ ላጨብጭብ? ዋንጫ ይዣለሁ እኮ!