ከወንበርሽ እንዳትነሺ

«ብትፈነዳም አትነሳም» አለችው ሮዌና፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

ዊልፍ ሽንቱን ይዞ ይቁነጠነጣል። «ሰው እኮ ነኝ። ፊኛዬም እንደ ድሮው አይደለም።»

«የሄድሊ ሕግ ነው። መቺዎቻችን ከቀናቸው ማንም ከወንበሩ አይነሳም። አምና አይስክሬም ልትገዛ ሄደህ ያመጣህብንን ረሳኸው?»

«በአይስክሬም ነው እንዴ የተሸነፍነው?»

«በአንተ ነው።»

ከፊታቸው የተቀመጡት ሳቁ፤ አንዳቸውም ግን አልተነሱም። የክሪኬት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ቡድኑ ሲቀናው የቆመ አይቀመጥም፣ ብርጭቆ የያዘ አያስቀምጥም። የአውራጃቸው ቡድን ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሳ ከአሁኖቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ገና አልተወለዱም ነበር። ዛሬ ኖቲንግሃም ላይ፣ በፍጻሜው፣ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ናቸው። አንዱ ከወጣ አለቀ። ከሁለቱ አንዱ ሥራው መወርወር እንጂ መምታት ያልሆነ ልጅ ነው፤ ቢሆንም በጭፍን ይሰነዝራል፣ ይቀናዋልም። ለማሸነፍ ሠላሳ ነጥብ ያህል ይቀራቸዋል።

ባሏ ሄድሊ አጠገቧ መቀመጥ ነበረበት። ካንሰሩ ከጸናበት ወዲህ ግን አልጋው ሳሎን ወርዶ ከሬዲዮው አጠገብ ተዘርግቶለታል። ጠዋት «ትቼህ አልሄድም» ብላው ነበር። «ሁለታችንም ከቀረን ማን ሊያሸንፍልን ነው?» ብሎ በዚያ በቀጠነ ድምፁ ተቆጣት። ነርሷም ገና ሳምንታት አሉት ብላለች። ስለዚህ ልጃቸው ታምሲን አጠገቡ ቀረች፣ ሮዌና ከጎረቤቷ ከዊልፍ ጋር በአውቶቡስ መጣች።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ቦርሳው እግሯ ሥር ነው፤ ጎንበስ ብትል ይበቃ ነበር።

«ስልክሽ ነው» አለ ዊልፍ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታምሲን ብትሆንስ?»

«ታምሲን ከሆነች ነጥቡን ልትነግረኝ ነው። እኔ ደግሞ እያየሁት ነው። ስልክ ሳነሳ አንዱ ቢወጣ ሄድሊ በሕይወቴ ይቅር አይለኝም።»

ስልኩ ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጮኸ። እጇ ወደ ቦርሳው ሊወርድ ሲል ልጁ ኳሷን አጉኖ ከመስመሩ ውጭ፣ ሕዝቡ መሃል ጣላት። ስድስት ነጥብ። ሮዌና እጇን መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ።

አሸነፉ። የመጨረሻዋ ኳስ መሬት ለመሬት ተንከባላ መስመሩን ስታልፍ ስታዲየሙ ተነቃነቀ። ዊልፍ እያለቀሰ ግንባሯን ሳማትና ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። እሷም እየሳቀች ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ታምሲን! ስጪኝ እስቲ አባትሽን፣ እኔ ልንገረው!»

«እማ...»

«ምነው?»

«እማ፣ አባዬ አረፈ።»

ሮዌና ወንበሩን በእጇ ያዘችው። ከአፏ የወጣው ግን እስከ ዛሬ የምታፍርበት ነገር ነበር። «ማሸነፋችንን ሰማ?»

«ሬዲዮውን አጥፊው አለኝ» አለች ታምሲን። «ጨዋታውን አልፈለገም፣ እማ። አንቺን ነበር የፈለገው። ‹እናትሽን ጥሪልኝ፣ ድምፅዋን ልስማ› አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤለት ነበር። ሁለተኛውን ስደውልልሽ፣ ገና እየጠራ... እየጠራ እያለ ሄደ።»

ሜዳው ላይ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሮዌና ታየዋለች፣ ግን ምንም አይገባትም። ዕድሜዋን ሙሉ የጓጓችለት ብረት ነው።

«እማ፣ አለሽ? ራስሽን እንዳትወቅሺ» አለች ታምሲን እያለቀሰች። «በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የት ይሰማሻል? አልሰማሽም፣ በቃ። ለአክስቴም እንደዚያ ነው ያልኳት።»

ዊልፍ ሁለት ቢራ ይዞ፣ በሰው መሃል እየተጋፋ፣ ከሩቅ እየሳቀላት ይመጣል። እሱ እንደማይናገርባት ታውቃለች። «አዎ፣ አልሰማሁም» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጇም እናቷን ሳትቀየም ትኖራለች።

«ሰምቼዋለሁ፣ ታምሲን» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»