ኋላ ባዶ ነው

ፊትህ ግድግዳ፣ ኋላህ የተቆለፈ በር ሆኖ፣ የአባትህ እጅ አምልጦህ ያውቃል? ካላወቀ፣ «አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል» ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ የደረሰባትን ስማ።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ሰፈሩ «ጠጋ በሉ» ይለዋል፤ እሱ ጡረታ ወጣ እንጂ ስሙ አልወጣም። የዓይን ሐኪሙ «ያለዎትን ብርሃን ይጠቀሙበት» ካለው ወዲህ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ። በጎረምሳነቱ ከእናቷ ጋር ያየው ያ የድሮ ቴአትር ተመልሶ መድረክ ሊወጣ ነው። ዓይኑ ሳይጠፋ አንዴ ሊያየው ነው።

«እኔ ገዝቼልህ እመጣለሁ» ብላው ነበር። ማስታወቂያው ግን «ለአንድ ሰው አንድ ቲኬት ብቻ፤ በአካል ያልቀረበ አይስተናገድም» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው አባት የለውም መሰለኝ።

ቲኬት የሚሸጥባት መስኮት በሁለት ግድግዳ መሀል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ናት። መግቢያው የብረት በር ነው። አባትና ልጅ ገብተው ተሰለፉ። መተላለፊያው ጢም ብሎ ሲሞላ ዘበኛው በሩን ከውጭ ዘጋና በሰንሰለት ቆለፈው።

«ምነው ጋሼ፣ እስረኞች ነን እንዴ?» አለ ከኋላቸው የቆመ ወፍራም ሰውዬ።

«ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። ትዕዛዝ ነው።»

«እኔ እንደሆንኩ በዚያች መስኮት አልሾልክልህም!»

ሰው ሳቀ። ፀጉር ሠሪዋም ሳቀች፤ ግን ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዝ። እንዳትለቅ።»

«አንቺ ልጅ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ ያረጀሁትን ሰውዬ በሰልፍ ልታስፈራሪኝ ነው?»

መስኮቷ ስትከፈት አንዱ «ሊያልቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰልፉ ሰልፍ መሆኑ ቀረ።

መጀመሪያ ጀርባዋን ገፏት፤ ቀጥሎ እግሯ መሬት ለቀቀ። ፊቷ የማታውቀው ሰው ኮት ላይ ተለጠፈ። ትንፋሿን ስታወጣ ደረቷ ተጨመቀ፤ መልሳ ልታስገባ ስትል ቦታ አጣች። ማንገቻው ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ ከዚያ ላላ። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ዳበሰች። ማንገቻው አለ፤ የያዘው እጅ የለም።

«አባዬ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።

«ክፈት! ሰው ሊሞት ነው!» ይላል ወፍራሙ። አሁን አይቀልድም።

«ሥራ አስኪያጁ ምሳ ላይ ናቸው። ሳልታዘዝ አልከፍትም» ይላል ዘበኛው። ቁልፉን ጨብጧል። ከሰው ሞት ይልቅ የአለቃ ቁጣ የሚያስፈራበት መሥሪያ ቤት፣ እሱም ቴአትር ቤት ተብሎ ይጠራል!

ያኔ ከታች፣ ከሰው እግር መሀል፣ ድምፅ ተሰማ።

«ወደ ኋላ ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! ኋላ ባዶ ነው!»

ኋላ ባዶ አልነበረም። ረዳት ሁሉ የሚዋሻት ውሸት ናት። በአውቶቡስ ሲጋፋ የኖረ ሰው ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ አያመዛዝንም፤ እግሩ ራሱ ይታዘዛል። ከኋላ ያሉት አንድ እርምጃ ተሳቡ። ፀጉር ሠሪዋ ትንፋሽ አገኘች።

«በሩን ክፈተው፣ ወራጅ አለ!»

ዘበኛው ትዕዛዝ ሲጠብቅ ነበር፤ ትዕዛዝ መጣለት። ከፈተ። ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። ድምፁ ግን እንደገና «ጠጋ» ብሎ፣ «በሉ» ሳይል ተቋረጠ።

ግፊያው ወደ ፊት ወስዶት ከመስኮቷ ሥር አገኘችው። መነጽሩ ደቅቋል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ወፍራሙ ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይተነፍሳሉ» አለ፤ ከዚያ፣ ራሱን ሊያሳምን ይመስል፣ «ይተነፍሳሉ እኮ።»

«ወረዱ?» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሁሉም ወርደዋል አባዬ።»

አምቡላንሱ ሳይደርስ ሥራ አስኪያጁ አፋቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ደረሱ። «አሳዛኝ አደጋ ነው። የቲኬት ሽያጩ ነገ ይቀጥላል። አይዞሽ እህቴ፣ ነይ ቢሮ ገብተን እንነጋገር።»

የአባቷ እጅ በእጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። እጁን ሳትለቅ ቀና አለች።

«ቢሮ አልገባም። ነገም አንዱ አባቱን ይዞ እዚሁ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ አሁን፣ እዚሁ ይናገሩ፦ ሰው ታጭቆበት ሳለ በሩን ቆልፍ ብሎ ያዘዘው ማን ነው?»