ኩፍኝ መርፌ አይወድም

"አትግለጭው! ፀሐይ ይመታዋል!" እማማ አዛለች የምራታቸውን እጅ ለቀም አደረጉ።

ብልባላ ካለችው ክሊኒክ በር ላይ ደርሰዋል። እታገኘሁ ጋቢውን ካልገለጠች ጤና ረዳቱ ልጇን እንዴት አድርጎ ያየዋል? ሙሉሃብት ገና ጡት አልተወም። ኩፍኙ ከወጣበት ጀምሮ እንደ አገሩ ልማድ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተሸፋፍኖ ነው የሰነበተው። የሸፈኑት አያቱ ናቸው፤ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ሲሳሱለት ነው። አባቱ ሰጠኝ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ በዚያ ቤት የቀራቸው ወንድ እሱ ብቻ ነው።

ጤና ረዳቱ አረጋ የልጁን እጀ ጠባብ ወደ ላይ ሰበሰበ። ሽፍታው ጠቁሮ መርገፍ ጀምሯል። እሱ ግን ሽፍታውን ትቶ ደረቱን አተኩሮ አየ።

"ይጠባል?"

"ከትናንት ወዲህ አፉን ያስጠጋና ይተወዋል፣ ጌታየ።"

"ነይ፣ እዚህ እይ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ስርጉድ ይላል፤ አየሽ? የሳንባ ምች ነው። መርፌ ያስፈልገዋል።"

"ኧረ ስለ ቅዱስ ላሊበላ!" አሉ እማማ አዛለች። "ኩፍኝ መርፌ አይወድም! አምና እህቱን ወለተ ሐናን የፈጃት መርፌ አይደለም ወይ? ተወግታ ስንመለስ እናቷ ጀርባ ላይ ነው ያረፈች።"

"መቼ ነበር ያመጣችኋት፣ እማማ?"

"ሽፍታው ሲጠፋላት ነዋ!"

እታገኘሁ አትሰማቸውም። ዓይኗ ልጇ ደረት ላይ ቀርቷል። ስርጉድ ይላል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ስርጉድ ይላል። ታውቀዋለች ይህን። ወለተ ሐናም በዚያ ጓዳ ውስጥ፣ መርፌ ገላዋን ሳይነካው በፊት፣ እንዲሁ ነበር የምትተነፍሰው። እሷና አማቷ ደግሞ ኩፍኙ እየወጣላት ነው ብለው ይጠብቁ ነበር። ዓመት ሙሉ መርፌውን ስትረግም ኖራለች።

"ውጋልኝ" አለች።

አረጋ የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ከፍቶ አሳያት። ባዶ ነው።

"በምን ልውጋው፣ እህቴ? በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከጋሸና መኪና አልመጣም። ላሊበላ ሊኖር ይችላል፤ አልቆም ይሆናል። በእግር ሙሉ ቀን ያስኬዳል።"

"በሕይወት እያለ እደርስበታለሁ?"

አረጋ ማንኪያ አንስቶ ሰጣት። "ጡትሽን እያለብሽ በማንኪያ ስጭው" አላት።

ውጭ እማማ አዛለች ሊያሳዝሏት ጋቢውን ዘረጉ። እንባቸው እየወረደ ነው።

"በይ አጎንብሽ። ደህና አድርጌ ልሸፍንልሽ።"

"አላዝለውም፣ እማማ። ያችኛዋ ጀርባዬ ላይ ሆና መች እንደሞተች እንኳ አላወቅሁም። ይኸን እያየሁት እሄዳለሁ።"

ልጇን በነጠላዋ ከፊቷ አሰረችው። እጀ ጠባቡን እስከ አንገቱ ገልጣ፣ በጠራራው ፀሐይ የላሊበላን መንገድ ጀመረች። እማማ አዛለች ጋቢውን እንደታቀፉ ከኋላዋ ተከተሉ።