ሐሜተኛው ስፒከር

ረጋሳ መዝሙሩን በአሮጌው ቴፑ ሲሰማው ነው የኖረው። የጉደር መዘምራን በወጣትነታቸው በካሴት የቀዱት ነው፤ ሚስቱ ጂቱም አብራቸው ዘምራለች። እሷ ካረፈች ወዲህ፣ ከጤና ጣቢያ ሥራው አምቦ ወዳለው ቤቱ ሲመለስ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ድምፁ የታፈነ ስለሆነ ሁሉም ተዋሕደው እንደ አንድ ሰው ይዘምራሉ። የእሷን ለይቶ ሰምቶት አያውቅም። ግን እዚያ ውስጥ አለች፤ ያ ይበቃው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጓደኛው መርጋ፣ ራዲዮና ቴፕ ጠጋኙ፣ ጥንድ ስፒከር ተሸክሞ መጣ። መዝሙሩንም ከካሴቱ ወደ ፍላሽ ገልብጦለታል።

«ኦቦ ረጋሳ፣ እስከ ዛሬ በብርድ ልብስ ተሸፍነህ ነው የሰማኸው። ይሄ ግን ሐሜተኛ ነው፤ ምንም አይደብቅም» አለው።

እውነትም አልደበቀም። አንዱ ወፍራም ድምፅ ከዜማው ወርዶ ይጎተታል። ሌላው ቀድሞ ይገባል። አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል። ያ እንደ አንድ ሰው ይዘምር የነበረው ሁሉ ተበታተነ። ረጋሳ አጠፋው። ከጂቱ የቀረለት ይኸው መዝሙር ነበር፤ እሱም ሊሄድበት ነው።

«መልሰህ ውሰደው፣ ወንድሜ።»

«አሁን ገና እውነቱን ስትሰማ?»

«እውነቱ ምን ያደርግልኛል? መዝሙሬን አጠፋብኝ።»

«መዝሙሩማ ያው ነው። አንተ የወደድከው ብርድ ልብሱን ነው።»

«ቀልድ አንተ። ቆይ፣ ቴፑ ካሴቱን የበላበት ቦታ እንኳ እንዴት እንደሚጮህ ስማልኝ።»

ቦታውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጌታ «ይህን መንገድ አብረኸኝ ትጨርሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ስንኝ አለ። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ በዝምታው መሐል ካሴቱ «ሽክ» ይላል። መልሶ ከፈተው።

ዝምታው መጣ። «ሽክ» ያለው ግን ካሴቱ አልነበረም። ሰው ነበር፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደረገ ሰው።

ጂቱ አዎ ስትል እንደዚያ ነበር፤ ቃል አታወጣም። ሽምግልና የመጡት ሰዎች «ረጋሳን ትወጂዋለሽ?» ብለው ሲጠይቋት እንኳ ትንፋሿን ብቻ ሳብ አደረገች፤ ጆሯቸው የደከመ አንድ አዛውንት «እምቢ አለች እንዴ?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፍርሰውታል።

ረጋሳ ከወንበሩ ተነሣ፤ በቤተ ክርስቲያን ቃሉ ሲነበብ እንደሚነሣው ነው የተነሣው። እንደገና ከፈተው። ሌሎቹ መዘምራን የጌታን ጥያቄ ዘምረውት አልፈዋል። እሷ ግን መልሳለታለች፤ ለማይክሮፎኑ ሳይሆን ለጠያቂው። ረጋሳ ይህን ያህል ዘመን ብልሽት ነው ብሎ ሲታገሠው የኖረው የእሷን አዎታ ነው። አሁን ሲጢጥ የሚለው ወንበርም፣ ሕፃኑም፣ የሚጎተተው ድምፅም አላስቀየሙትም፤ በዚያ ቀን በዙሪያዋ የነበሩ ናቸው።

መርጋ ፊቱን አየና ቀልዱን ተወ።

«እሷ ናት?» አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስፒከሩ ይቆይ እንግዲህ?»

ረጋሳ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።